ምክንያትንና ውጤትን ማያያዝ፦ ቁጫጭና ማባበያው

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ምክንያትን ከውጤት ጋር የሚያያይዙትን ቃላት አስተውሉ።

በአዲስ አበባ፣ በልደታ ሠፈር በሚገኝ በአንድ ቤት ውስጥ ቁጫጮች ከግድግዳው ስንጥቅ እስከ ስኳሩ ዕቃ ተሰልፈው ታዩ እንበል። እመቤቲቱ የፈላ ውሃ ብታፈስባቸው ሰልፉ ይበተናል፤ ነገር ግን በማግሥቱ ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱም ምግብ ፍለጋ የሚወጡት ሠራተኞቹ ብቻ ናቸው፤ ዕንቁላል የምትጥለው ንግሥት ከጎሬዋ አትወጣም።

ስለዚህ መርዙን ወደ ንግሥቲቱ የሚያደርሱት ራሳቸው ሠራተኞቹ መሆን አለባቸው። ጥቂት ቦሪክ አሲድ በስኳር ውሃ ተበጥብጦ በመንገዳቸው ዳር ሲቀመጥላቸው ጠጥተው ይመለሳሉ፤ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉም ለንግሥቲቱና ለእጮቹ ያካፍላሉ። የመርዙ መጠን ከ100 እጅ 1 እጅ ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ከበዛ ሠራተኞቹ ጎሬው ሳይደርሱ ይሞታሉና። በዚያው ሰሞን ሌላ ፀረ ተባይ መርጨትም ተሸካሚዎቹን ስለሚገድል ሥራውን ያበላሻል። በአሜሪካ የእሳት ጉንዳን የተባለውን ተናዳፊ ጉንዳን የሚከላከሉትም ዘይት በጠጣ የበቆሎ ቅንጬ ላይ መርዝ በመጨመር፣ በዚሁ ብልሃት ነው።

ይሁን እንጂ ማባበያው መርዝ ነው። በመሆኑም አዋቂ ሰው ያዘጋጀው፤ ሕፃናትና የቤት እንስሳት ከማይደርሱበት፣ ከምግብም ከራቀ ስፍራ ይቀመጥ።

መልመጃ
1. ሰልፉን መግደል ጎሬውን የማያጠፋው ለምንድን ነው?
2. «ይሞታሉና» በሚለው ቃል መጨረሻ ያለው «ና» ምን አገልግሎት ይሰጣል? «ለንግሥቲቱና» ከሚለው «ና» በምን ይለያል?
3. «ምክንያቱም»፣ «ስለዚህ» እና «ነገር ግን» የሚሉትን ቃላት እያስገባችሁ በሠፈራችሁ ስላለ አንድ ተባይ አንድ አንቀጽ ጻፉ።