ያሮጌ መኪና የኤሌክትሪክ ሽቦና የእሳት አደጋ

የ12 ቮልት ባትሪ ሁለት ጫፎቹን በደረቅ እጅ ቢይዙት ሰውን አይነዝርም። ከዚህም የተነሣ ብዙ ባለ መኪናዎችና ሾፌሮች የመኪና ኤሌክትሪክ ጉዳት የማያመጣ ነገር ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሽቦን የሚያግለው በውስጡ የሚያልፈው አምፔር ነው። ባትሪ በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ አምፔር ለመስጠት የሚችል ስለ ሆነ፥ ይህ ኀይል ያለ ከልካይ በቀጭን ሽቦ ያለፈ እንደ ሆነ ሽቦው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ግሎ ልባሱን ያነድደዋል። ካሚዮኖች ባለ 24 ቮልት ቢሆኑም ነገሩ ያው ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለዚህ ብዙ ነጋዴ ያለውን መኪና እየጠገነ መያዝን መርጧል። የሽቦ ልባስ ግን በሞተር ሙቀትና በዘይት ብዛት ይደርቃል፥ ይሰነጣጠቃል። ሽቦው የብረት ቀዳዳ አልፎ በሚሄድበት ስፍራ የነበረው ጎሚኒ ከወደቀ፥ የመንገዱ መንቀጥቀጥ ልባሱን እየፋቀ መዳቡን ከብረቱ ያገናኘዋል። አይጥ የቆረጠመው ሽቦም እንዲሁ ነው።

ለዚህ መከላከያ የተሠራው፥ ሽማግሌዎቹ መካኒኮች ቫልቮላ የሚሉት ፊውዝ ነው። ብዙ ሰው ፊውዝ መብራቱንና ሬዲዮኑን ለመጠበቅ የተደረገ ይመስለዋል፤ ዋና ሥራው ግን ሽቦውን መጠበቅ ነው። በተለመዱት ጠፍጣፋ ፊውዞች ቀዩ 10፥ ሰማያዊው 15፥ ቢጫው 20፥ አረንጓዴው 30 አምፔር ነው። ቀዩ በተቃጠለበት ስፍራ አረንጓዴውን ያስገባ ሰው፥ ከእንግዲህ በፊውዙ ፈንታ ሽቦው እንዲቀልጥ ፈቅዷል ማለት ነው።

የምሠራበት የንግድ ቤት ካሚዮን ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጨርቃ ጨርቅ ጭኖ ሲመጣ ከመሪው ሥር ጢስ ወጣ። ሾፌሩ ፈጥኖ የባትሪውን ሞርሴቶ ባይነቅል ኖሮ ጭነቱም አይተርፍም ነበር። የፊውዙ ሣጥን ሲከፈት በአንዱ ስፍራ የሲጃራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ ተገኘ። ስጠይቀው፥ «ፊውዙ ሦስት ጊዜ ተቃጠለብኝ» አለኝ። ለምን እንደ ተቃጠለ የመረመረ ግን አልነበረም። መኪናው ሽቦው እስኪለወጥ ድረስ ሦስት ሳምንት ቆመ፤ ሒሳቡን የጻፍሁትም እኔ ነኝ።

ሌላው ምክንያት ከፋብሪካው አሠራር በላይ የሚጨመር ዕቃ ነው። ባለ 55 ዋት ሁለት የፊት መብራቶች በ12 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባሉ፤ በባለ 100 ዋት ቢተኩ ከ16 አምፔር ያልፋሉ። አምፔሩ እጥፍ ሳይሞላ በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ትልቅ መብራት የሚሻ ሰው ወፍራም ሽቦ፥ ሬሌና የራሱን ፊውዝ ያስገባ።

በዚህ ላይ አስመጪዎችንና የመለዋወጫ ሱቅ ባለቤቶችን የሚመለከት ነገር አለ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንደ ንጹሕ መዳብ ሆኖ ይሸጣል። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ 60 በመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በእኩል ውፍረት ይበልጥ ይግላል። ማግኔት ሁለቱንም ስለማይስብ በእርሱ መለየት አይቻልም፤ አንዱን ክር በቢላዋ ፍቀው ውስጡ ነጭ መሆኑን ይመልከቱ። ጥቅሉም ቀለል ይላል።

የላላ ሞርሴቶና የዛገ ማሳም ሙቀት ይፈጥራሉ። በሞተሩና በሻንሲው መካከል ያለው የማሳ ካቦ ከተበላሸ፥ ሞተሪኖው የሚስበው ኀይል በጋዝ ፔዳል ሽቦ በኩል አልፎ ያንን ሊያቃጥለው ይችላል። ከባትሪው ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ካቦ በብዙ አሮጌ መኪናዎች ፊውዝ ስለሌለው፥ ከብረት ጋር የሚነካካበት ስፍራ እንዳይኖር በየጊዜው ይታይ።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድን የባለቤቱን መኪናም ሆነ የጫነውን የራሱን ዕቃ አይክስም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸት ሞተር ይጥፋ፥ ሰው ይውረድ። ነበልባል ከታየ ኮፈኑን ወለል አድርጎ መክፈት ለእሳቱ አየር መስጠት ስለ ሆነ፥ በጥቂቱ ገልጠው የዱቄት ማጥፊያውን በክፍተቱ ይርጩ። ጢስ ብቻ ከሆነ አስቀድሞ የሚፈታው የኔጋቲቩ ሞርሴቶ ነው፤ ፖዘቲቩ ከቀደመ ቁልፉ አካሉን የነካ እንደ ሆነ ብልጭታ ይፈጠራልና።