አሮጌ ትንሽ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ለማደስ፦ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ምን ይመረመራል?

አንድ ዕጩ መምህር ተመርቆ ሲወጣ የሚመደብበት ትምህርት ቤት ከመኪና መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ አስቀድሞ አያውቅም። አምስት ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ሃያም ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ማታ ማታ በየመኝታ ክፍሉ ከሚነሡት ወሬዎች አንዱ «ሁለት ሦስት ሆነን ብናዋጣና አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዝተን ራሳችን ብናድሳትስ?» የሚል ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ለመንገዱ ብቻ ሳይሆን ለትምህርቱም ይጠቅማል፤ አንዲት ትንሽ ሞተር ሳይክል ተፈታትታ ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጋ የፊዚክሱ መጽሐፍ ግማሹ እዚያ ይገኛል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚጠፋው በእድሳቱ ላይ ሳይሆን በግዢው ዕለት ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ መምረጥ እንጂ ስለ ማደስ አይደለም።

ለመሆኑ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን መሆን አለበት? አብዛኛው ሰው «ትነሣለች ወይ?» ብሎ ይጀምራል። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ተራው ሦስተኛ ነው። አንደኛው «ወረቀቷ አለ ወይ?»፣ ሁለተኛው «ሙሉ ናት ወይ?» የሚለው ነው። የማትነሣ ግን ዕቃዋ ያልጎደለ ሞተር ሳይክል፣ ከአራት ሌሎች ተለቃቅማ ከምትነሣዋ ትሻላለች። ምክንያቱን ቀጥለን እንመልከት።

ከወረቀቱ እንጀምር። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፈው ይገኛሉ። እነዚሁ ቁጥሮች በብረቱም ላይ ተመትተዋል። ቤንዚን በነካ ጨርቅ ቅባቱን ጠርጉና ፊደል በፊደል፣ አኃዝ በአኃዝ አስተያዩ። ብረቱ ተሞርዶ ከሆነ፣ አኃዞቹ ከተጣመሙ፣ ወይም በዚያች ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ወሬውን አቁሙና ሂዱ። ሻጩ «ሊብሬው አገር ቤት ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል» ካላችሁ እናንተም በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ። የሞተሩ ቁጥር ብቻ ከተለያየ ሌላ ሞተር ተገጥሞላታል ማለት ነው፤ ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ሆኖም ለውጡ ካልተመዘገበ ስም ሲዛወር ራስ ምታቱ የገዢው ይሆናል። አሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሊብሬው ላይ ስማቸው ያለው ሰው በሕይወት የሉ ይሆናል። «የአባቴ ናት» የሚል ልጅ የወራሽነት ማስረጃ ከሌለው፣ ወይም ሌሎች ወራሾች ካልፈረሙ፣ የሸጠላችሁ ነገር የእርሱ ብቻ አይደለም። የተሰረቀ ወይም የተካሰሱበት ዕቃ ከሆነ ገንዘቡም ይሄዳል፣ ዕቃውም ይሄዳል፤ አዲስ የተመደበ መምህርም ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለስ ተማሪዎቹ ያዩታል።

ታዲያ የት ይፈለጋል? ደላላ ዘንድ ብቻ አይደለም። በየከተማው የግብርናና የጤና መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም የርዳታ ድርጅቶች፣ ለመስክ ሥራ ያዋሏቸው እንደ ያማሃ ዲቲና ኤጂ ያሉ ሞተር ሳይክሎች ሲያረጁ ግቢ ጥግ ይደረደራሉ፤ ቆይተውም በጨረታ ይሸጣሉ። የጨረታው ማስታወቂያ ላይ «ባለበት ሁኔታ» የምትል ሐረግ አለች። ከገዛችሁ በኋላ አትምጡብን ማለት ናት። የጨረታ ዕቃ ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው። ችግሩ ወዲህ ነው፦ በግቢው መጀመሪያ የቆመችው ሞተር ሳይክል ለቀሩት የመለዋወጫ መጋዘን ትሆናለች። ዛሬ ካርቡራተሯ ለአንዷ፣ ነገ ቦቢናዋ ለሌላዋ ይወሰዳል። በጨረታው ቀን ከሩቅ ሲያዩዋት ሞተር ሳይክል ትመስላለች፤ ቀረብ ሲሉ ልብስ የለበሰ አጥንት ናት።

ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ከፊት ጎማ ጀምሩና እስከ ኋላ መብራት ድረስ የጎደለውንና የተሰበረውን ሁሉ ጻፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፒስተን፣ ፋሻ፣ ካንዴላ፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራ የመሳሰሉት በአገልግሎት የሚያልቁ ስለሆኑ ነጋዴ ያስመጣቸዋል። የጎን ክዳን፣ የቤንዚን መዝጊያው፣ የመብራት ማቀፊያው፣ የማስነሻ መርገጫው ግን የሚያልቁ ስላልሆኑ ማንም መደርደሪያ ላይ አያስቀምጣቸውም። በመሆኑም ሻጩ «ትንሽ ነገር ናት የጎደላት» ሲል፣ ያች ትንሽ ነገር ከፒስተኑ ይበልጥ የምታስቸግር ልትሆን ትችላለች። ያለቀ ፒስተን ያላት ሞተር ሳይክል አታስፈራም። የጎን ክዳኖቿና መርገጫዋ የሌሉ ግን ታስፈራለች።

ዝርዝሩን ይዛችሁ ከድርድር በፊት መለዋወጫ ቤቶችን ዙሩ። አዲስ አበባ የሚደርስ ሰው ካላችሁ ሶማሌ ተራ ይጠይቅ፤ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ደግሞ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይመልከት። የዋጋውን ነገር እዚህ በብር አልጽፍም፤ ይህ ወረቀት ከግድግዳው ሳይወርድ ይለወጣል።

የትኛዋ ዓይነት ትሻላለች ለሚለው፣ ብዙ እኅት ያላት ትሻላለች እላለሁ። ለምሳሌ የሆንዳን ሱፐር ካብ እንውሰድ። ሶይቺሮ ሆንዳ በ1946 እ.ኤ.አ. ከጦርነቱ የተረፉ የሬዲዮ ጄነሬተር ሞተሮችን ብስክሌት ላይ በመግጠም ሥራ ጀመረ። ሱፐር ካብ የወጣችው በ1958 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የተመረተው ብዛት 100 ሚሊዮን ደርሷል። በመሪዋ ላይ የፍሪሲዮን እጀታ የላትም፤ ፍሪሲዮኑ በሞተሩ ፍጥነት በራሱ ይያያዛል፣ ማርሹ በእግር ብቻ ይለወጣል። በዚያ ላይ ሞተሯን የሚመስሉ ሞተሮች በሌሎች አገሮች በብዛት ስለተሠሩ ብዙ መለዋወጫዎቿ እስከ ዛሬ አልጠፉም። ልብ በሉ፤ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ስሪቶች በአብዛኛው 6 ቮልት ናቸው። የ6 ቮልት አምፖል እንደ 12 ቮልቱ በየሱቁ አይገኝም።

በአንጻሩ ቬስፓን እንይ። ፒያጆ በ1946 እ.ኤ.አ. ያወጣት፣ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ የነደፋት ናት። ውበቷን ማንም አይክድም። ነገር ግን የቬስፓ ላሜራ ልብሷ ብቻ አይደለም፣ አጥንቷም እርሱ ነው፤ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። ስለሆነም እግር የሚያርፍበት ወለል ከሥሩ ከዛገ የተበላው ተሸካሚው አካል ነው። በካቻቪቴ ጫፍ ወለሉን ከታች መታ መታ አድርጉ፤ ድምፁ ከደነቆረ ወይም ብረቱ ከተፈረፈረ ለጀማሪ የሚሆን ሥራ አይደለም። (በነገራችን ላይ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፑንቲና፣ ካቻቪቴ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ የጋራዥ ቋንቋችን ከነመፍቻው ነው የመጣው።)

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። ሻጭ ዘንድ ስትደርሱ ከሰላምታው ቀጥሎ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ካገኛችሁት እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ተነሥቷል ማለት ነው። የሞቀ ሞተር ችግሩን ይደብቃል፤ «ሌላ ሥራ አለን፣ ከሰዓት እንመለሳለን» በሉና ሲቀዘቅዝ ተመለሱ። ደላላው «ኧረ ቲቸር፣ ምን ያስጠረጥርሃል!» ይል ይሆናል፤ ይበል።

ቀጥሎ መርገጫውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። ፈጽሞ አልንቀሳቀስ ካለ ሞተሩ ነክሷል፤ በጉልበት አትርገጡ፣ ዋጋውንም ሞተር እንደሌላት አድርጋችሁ ተናገሩ። ከዞረ ካንዴላውን አስፈቱ። ጫፉ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ አቃጠሉ ደኅና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል፤ ይህ በካርቡራተር ይስተካከላል። ቅባት ያለው እርጥብ ጥቁር ከሆነ ግን ዘይት ወደ ላይ እየወጣ ነው። ካንዴላው እንደተፈታ ቁልፉን አጥፉና ቀዳዳውን በአውራ ጣታችሁ ዝጉ፤ ባልንጀራችሁ መርገጫውን ይርገጥ። ጣታችሁን ገፍቶ ካላስለቀቀ እመቃው ደካማ ነው። ስትነሣ ጭሱን ተመልከቱ፤ ባለ አራት ምት ሞተር ሰማያዊ ጭስ ካጨሰ ዘይት ይበላል። ባለ ሁለት ምት ግን ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚቃጠል ጥቂት ጭስ ያለ ነው፤ በዚህ አትክሰሷት። የቤንዚን መያዣውን ውስጥ ለዝገት ተመልከቱ፤ በባትሪ መብራት ነው ታዲያ! ክብሪት የሚጭር ሰው አይጠፋምና አብሯችሁ የመጣውን ሁሉ አስጠንቅቁ።

ሞተሯ ስትነሣ ደጋግማ ብትጠፋ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። ፑንቲና ባላቸው ሞተሮች የፑንቲናው ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው ማንም ሳይለካው ዓመታት ያልፋሉ። ይህ በግማሽ ቀን የሚስተካከል ነገር ነው፤ ለሻጩ ግን የግድ ልንነግረው አይገባም።

ሒሳብ የምታስተምሩ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። የሆንዳ ሲ 50 ሲሊንደር ስፋቱ 39 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 41.4 ሚሊ ሜትር ነው። የሲ 70 ጉዞ ያው 41.4 ሆኖ ስፋቱ 47 ይሆናል። የሲሊንደርን ይዘት በምናውቀው ቀመር ብናሰላ የመጀመሪያው 49.5፣ ሁለተኛው 71.8 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይመጣል። ስፋቱ በ8 ሚሊ ሜትር ብቻ ጨምሮ ይዘቱ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ የተጠጋው ስፋቱ በካሬ ስለሚቆጠር ነው። አሁን ይህ ከግዢ ጋር ምን አገናኘው? ሲሊንደር ሲበላ ቶርኖ ቤት ይቦረቦርና ሰፋ ያለ ፒስተን ይገባለታል። እነዚህ ፒስተኖች በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊ ሜትር የሚበልጡ ናቸው፤ ቁጥሩም ብዙውን ጊዜ አናታቸው ላይ ተመትቶ ይገኛል። 1.00 የደረሰ ሲሊንደር ከዚያ በላይ የሚቦረቦርበት ፒስተን የለውም፤ ሌላ ሲሊንደር ይፈለግለታል። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ጊዜ ተቦርቡሯል?» ብላችሁ ጠይቁ። የት ጋራዥ እንደተሠራም ጠይቁና ከሜካኒኩ አጣሩ።

ሻንሲው የተጣመመ መሆኑን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሁለት ረጃጅም ክሮች ይበቃሉ። ከኋላ ጎማ በግራና በቀኝ ክር ወደ ፊት ወጥሩ። መሪው ቀጥ ሲል በፊት ጎማው ግራና ቀኝ የሚቀረው ክፍተት እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ወይ የኋላ ጎማው ሲታሰር ተዛብቷል፣ ወይ ወድቃ ታውቃለች። የመጀመሪያው በመፍቻ ይስተካከላል፤ ሁለተኛውን ተዉት።

ሁለት ሦስት ሆናችሁ ስታዋጡ ደግሞ ማን ምን ያህል እንዳዋጣ፣ ሊብሬው በማን ስም እንደሚሆን፣ ምደባው ወደተለያየ ወረዳ ቢበትናችሁ ሞተር ሳይክሏ ከማን ጋር እንደምትሄድና ለሌሎቹ ምን እንደሚከፈል ከግዢው በፊት ጽፋችሁ ተፈራረሙ። በእኔ አስተያየት ከተዋጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ ለግዢው መውጣት የለበትም፤ ቀሪው ለእድሳቱ ነው። ክፍያውም ውሉ በሚፈረምበት ቦታ ይሁን እንጂ መንገድ ላይ ቀብድ አይሰጥ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የአንዲት ሲ 70 ፒስተን አናት ላይ 0.50 ተመትቶ ተገኘ። የሲሊንደሩ ስፋት አሁን ስንት ነው? ስንት ጊዜስ ሊቦረቦር ይችላል?

2. ስፋቱ 48 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይዘቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል? ከፋብሪካ ስትወጣ ከነበረው በመቶ ስንት ጨመረ?

3. በተመሳሳይ ዋጋ ሁለት ሞተር ሳይክሎች ቀረቡ። አንዷ ትነሣለች፣ ሊብሬዋ ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ግን የተለየ ነው፤ ሁለቱም የጎን ክዳኖቿ የሉም። ሌላዋ ወረቀቷና ዕቃዋ ሙሉ ነው፤ ሞተሯ ግን ነክሷል። የምትመርጡትን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ በዚሁ ሰሌዳ ሥር ለጥፉ።