የዳታቤዝ ሰርቨር ሎግ ወዴት ይሂድ?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። የዚህን አነጋገር እውነተኛነት የተረዳሁት ዘንድሮ በኮምፒውተር ክበባችን በደረሰው ነገር ስለ ሆነ፣ ለውድ አንባብያን በአጭሩ ለማስረዳት ተነሣሁ።

ክበባችን የቤተ መጻሕፍቱን የውሰት መዝገብ የሚያኖረው ፖስትግሬስኪውኤል በሚባል የዳታቤዝ ሰርቨር ነው። ይህም በ1986 እ.ኤ.አ. በበርክሌይ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ጥናት የተገኘ ሲሆን፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊሠራበት ይችላል። አንድ ቀን ሰርቨሩ በድንገት ቆመ። በዚያን ዕለት ተረኛ የነበረው ጓደኛችን «አንድ ነገር ነካክተህ ነው» ተብሎ ተወቀሰ። ምንም አለመንካቱን ቢምልም የሚያምነው አላገኘም፤ እኔም ከወቃሾቹ አንዱ ነበርሁ።

ሰርቨር ሥራ ሲጀምር፣ ስሕተት ሲያጋጥመው ወይም ሲቆም የሆነውን ይናገራል። ይህም የውሎ መዝገብ ሎግ ይባላል። እኛ ግን ሰርቨሩን የምናስነሣበትን ፒጂ ሲቲኤል የተባለውን መሣሪያ ሎጉን ወዴት እንዲልክ አላዘዝነውም ነበርና፣ ቃሉ ሁሉ በስክሪኑ ላይ ብቻ ይታይ ነበር። መስኮቱ በተዘጋ ጊዜ ምስክርነቱም አብሮ ጠፋ።

መምህራችን ይህን ሰምተው፣ «ምስክሩን ራሳችሁ አባርራችሁ ሰውን ትከሳላችሁን?» አሉን። ከዚያም በማስነሻው ትእዛዝ ላይ ሰረዝና «ኤል» የምትባለውን ፊደል አስከትለን የፋይል ስም እንድንጽፍ አሳዩን። ፋይሉም ዳታው ካለበት በተለየ ዲስክ ላይ እንዲሆን አደረጉ፤ አንዱ ዲስክ ቢታመም ሌላው ይናገራልና።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰርቨሩ እንደ ገና ቆመ። በዚያን ቀን ጓደኛችን በክፍሉ አልነበረም። ፋይሉን ከፍተን ብናነብ፣ በዳታው ዲስክ ላይ ባዶ ቦታ እንዳልቀረ በግልጽ ተጽፎ አገኘን። ዲስኩን የሞሉት እኛው ያከማቸናቸው ፊልሞች ነበሩ። የመጀመሪያው ጊዜ ምክንያት ግን ምስክር ስለሌለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጓደኛችንን ሁላችንም ይቅርታ ጠየቅነው።

ሆኖም በዚህ መንገድ የሚጻፈው ፋይል በላዩ ላይ እየተጨመረበት ያድጋል እንጂ በራሱ አይቀንስም። ስለዚህ መምህራችን በሰርቨሩ የማዘዣ ፋይል ውስጥ «ሎጊንግ ኮሌክተር» የተባለውን ሰብሳቢ እንድንከፍት አዘዙን። ይህ ትእዛዝ የሚሠራው ሰርቨሩ እንደ አዲስ ሲነሣ ነው። ሰብሳቢው ሌላ ካልታዘዘ በየ24 ሰዓቱ ወይም ፋይሉ 10 ሜጋባይት ሲደርስ አዲስ ፋይል ይጀምራል። እኛም ፋይሎቹን በሳምንቱ ዕለታት ስም ሰይመን፣ ያለፈው ሰኞ በአዲሱ ሰኞ እንዲተካ አደረግን፤ በዚህም 7 ፋይሎች ብቻ ይኖራሉ። ሎግ የሰዎችን ጉዳይ ሊይዝ ስለሚችል፣ ሰብሳቢው የሚጽፈውን ፋይል ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚያነበው ሰርቨሩ የሚሠራበት ተጠቃሚ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ሰርቨር ከማስነሣታችሁ በፊት ሎጉ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ወስኑ። በሰው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊትም መዝገቡን ተመልከቱ።