እጅዎን ከማንሳትዎ በፊት፦ ስለ ሕጋዊ መከላከል ማወቅ ያለብዎ

ራስን ከጥቃት ማዳን መብት ነው። ይሁንና «ራሴን ስከላከል ነው» ያለ ሁሉ ከቅጣት አያመልጥም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ሲፈቅድ ገደብም አብጅቶለታል። በጭንቅ ሰዓት ሕግ ማገላበጥ ስለማይቻል የሚከተሉትን ከአሁኑ ይወቁ።

1. ጥቃቱ ሕገ ወጥ ነው? ፖሊስ በሕግ አግባብ ሊይዝዎ ሲመጣ መታገል መከላከል አይባልም።

2. አደጋው አሁን ያለ ነው? ዱላ የተሰነዘረበት ወይም ሊሰነዘርበት የተቃረበ ሰው ይከላከላል። ትናንት የመታዎትን ዛሬ አድፍጦ መምታት ግን በቀል ነው። ተይዞ የታሰረን ሌባ መደብደብም ወንጀል ነው፤ እጁ የታሰረ ሰው ጥቃቱ አብቅቷል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ደጋግመው ያስቡበት።

3. ሌላ መውጫ አለ? በር መዝጋት፣ ጮኾ ሰው መጥራት ወይም ዞር ማለት አደጋውን የሚያስቀር ከሆነ ጉልበት መጠቀም አያስፈልግም።

4. አጸፋው ተመጣጣኝ ነው? ፍርድ ቤት የጥቃቱን ክብደትና ሊያድኑት የፈለጉትን ነገር ዋጋ ያመዛዝናል። በጥፊ ለመጣ ሰው ጩቤ መምዘዝ ከልክ ያለፈ ነው።

5. የሚጠቃው ሌላ ሰው ነው? ሕጉ ሌላውን ለማዳንም ይፈቅዳል። ጎረቤትዎ ስትደበደብ ጣልቃ መግባት መብትዎ ነው፤ ከላይ ያሉት ገደቦች ግን ያኔም ይሠራሉ።

6. ልክ ቢያልፉስ? በአንቀጽ 79 መሠረት ቅጣቱ ይቀንሳል፤ ልክ ያለፉት ጥቃቱ ባሳደረብዎ ድንጋጤ ወይም ፍርሃት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ላይቀጣዎት ይችላል። ከልክ ባለፈ መከላከል ሰው ከሞተ ግን አንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ያስቀጣል።

7. ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ለመያዝ አስበዋል? አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል። «ለራሴ ጥበቃ ነው» ማለት ፈቃዱን አይተካም።

ጉዳት ከደረሰ በኋላ

• የተጎዳው አጥቂዎ ቢሆንም እርዳታ ይጥሩለት።
• ሳይውሉ ሳያድሩ ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ያዩ ሰዎችን ስም ይያዙ።
• ሐኪም ቤት ሄደው የሕክምና ማስረጃ ያውጡ፤ የተቀደደ ወይም ደም የነካው ልብስዎን ሳያጥቡ ያቆዩ።
• ከተያዙ ዝም የማለት መብት አለዎት፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረትም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡዎት ይገባል። ዝርዝር ቃል ከመስጠትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ።