ገል ምን ይናገራል?

እንስራ ወድቆ ሲሰበር ባለቤቱ ያዝናል። ደህና የሆነውን ቁራጭ ለእሳት መጫሪያ ወይም ለዕጣን ማጨሻ ያስቀራል፤ የተረፈውን ጠርጎ ከአጥር ውጪ ይጥላል። በገጠርም ሆነ እኛ በመጣንበት በአዲስ አበባ፣ በወሎ ሰፈር፣ ነገሩ ያው ነው። ዳሩ ግን ይህ የተናቀ ገል ከብዙ ዘመን በኋላ ትልቅ ምስክር ይሆናል። በዚህ ትምህርት ገል እንዴት እንደሚናገርና መቼ ዲዳ እንደሚሆን እንማራለን።

ገል ለምን አይጠፋም?

እንጨት ይበሰብሳል። ጨርቅና ቆዳ ያልቃል። ብረት ይዝጋል። ጥሬ ጭቃም ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ሸክላ ግን አንዴ በእሳት ከበሰለ በኋላ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ዕቃው ይሰበራል እንጂ ገሉ ሁለት ሺህ ዓመትም ቢሆን በመሬት ውስጥ ይቆያል። ደግሞም ወርቅ የጥቂቶች ነው፤ ድስትና ጋን ግን የድኻውም የሀብታሙም ነው። ስለዚህ የነገሥታቱን ታሪክ ሐውልትና ጽሑፍ ሲነግረን፣ የተራውን ሰው ኑሮ ብዙውን ጊዜ የሚነግረን ገል ነው።

የጥንት ሰዎችን ኑሮ ከመሬት ቆፍሮ የሚያጠናው ትምህርት አርኪዮሎጂ ይባላል። የዚህ ትምህርት ምሁራን ዝም ብለው አይቆፍሩም። መሬቱን በገመድ ይከፋፍሉታል። አፈሩን በቀስታ፣ ንብርብሩን እየለዩ ያነሣሉ። በጓሮ የሚደፋ አመድ የትናንቱ ከታች፣ የዛሬው ከላይ እንደሚሆን ሁሉ፣ ባልተነካ መሬትም ከታች ያለው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል። ገሉን ያጥቡታል፤ የተገኘበትን ቦታ በቁጥር ይጽፉበታል። ከዚያም አፉን፣ አንገቱን፣ ጆሮውንና ቂጡን ለየብቻ ያስቀምጣሉ። ከአፉ ቁራጭ ጉብጠት ተነሥተው የሙሉውን ዕቃ የአፍ ስፋት ያውቃሉ። ይህ አስማት አይደለም። እናንተስ የጀበና አንገት ብቻ ቢያሳዩአችሁ ጀበና መሆኑን ታውቁት የለም ወይ?

የአክሱም ገል

በአክሱም ኔቪል ቺቲክ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974፣ ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ ከ1993 እስከ 1997 ቁፋሮ መርተዋል። ከመሬት የወጣውም ገል እጅግ ብዙ ነው። የአገሩ ሸክላ ዛሬ በየገጠሩ እንደሚሠራው ያለ መሽከርከሪያ በእጅ የተበጀ ነው። ከዚያው መካከል ግን በመሽከርከሪያ የተሠራ፣ ሁለት ጆሮ ያለው፣ ቂጡ የሾለ የእንግዳ አገር እንስራ ስባሪ ይገኛል። ይህ አምፎራ የሚባለው ዕቃ ወይንና ዘይት የመሳሰለውን በመርከብ ለመጫን ያገለግል ነበር።

ታዲያ ከየት መጣ? መልሱ የተገኘው ከሌላ ቦታ ነው። በዮርዳኖስ አገር፣ በአቃባ ወደብ፣ እንደዚህ ያለው እንስራ ይተኮስባቸው የነበሩ ምድጃዎች ተገኙ። በኤርትራ ባሕር፣ ብላክ አሳርካ በምትባል ደሴት አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጠናው የሰመጠ ጥንታዊ መርከብም ይህንኑ ዓይነት እንስራ ጭኖ ነበር። ምድጃው፣ መርከቡና የአክሱም ገል ሲገጣጠሙ የጥንቱ የንግድ መንገድ ታየ።

በአክሱም ቁፋሮ በቀንበር የተጠመዱ ትንንሽ የሸክላ በሬዎችም ወጥተዋል። የሠራቸው ሰው ስሙ አይታወቅም። ነገር ግን በዚያ ዘመን በጥማድ በሬ ይታረስ እንደነበር የነገረን እርሱ ነው።

የዛሬ ሸክላም ያስተምራል። በጋሞ አካባቢ የተደረገ ጥናት የእህል መጠጥ የሚጠነሰስበትን ጋን መርምሮ፣ ፍላቱ የጋኑን የውስጥ ገጽ እየበላ እንደሚያጎደጉደው አሳይቷል። መጠጥ የሚጠነስሰው ደግሞ በብዛት እህል የተረፈው ቤት ነው። እንግዲህ ውስጡ የተበላ አሮጌ ገል ሲገኝ፣ የዚያ ቤት ጎተራ እንዴት እንደነበረ ፍንጭ ይሰጣል ማለት ነው።

ገል እንደ ወረቀት

ወሎ ሰፈር ስሙን ከወሎ እንዳገኘ ሁሉ፣ በግሪክ አገር በአቴና ከተማ ከሸክላ ሠሪዎች ስሙን ያገኘ ሰፈር አለ፤ ኬራሜይኮስ ይባላል። ከ2,400 ዓመታት በፊት የአቴና ሰዎች አንድ ሹም በጣም ኃይለኛ ሆነ ብለው ሲፈሩ ድምፅ ይሰጡ ነበር። ወረቀታቸው ገል ነበር። በገሉ ላይ የሰውየውን ስም ይጭሩበታል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ለ10 ዓመት ከአገር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኬራሜይኮስ ከ8,000 በላይ እንዲህ ያለ ገል ተገኝቷል።

ፕሉታርክ የሚባል የጥንት ጸሐፊ አንድ ታሪክ ይተርካል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ገበሬ ገሉን ለአንድ ሰው ሰጥቶ፣ «አሪስቲደስ ብለህ ጻፍልኝ» ይለዋል። ያ ሰው ራሱ አሪስቲደስ ነበር። «ምን በደለህ?» ቢለው፣ ምንም እንዳልበደለው፣ እንዲያውም እንደማያውቀው፣ ግን በየቦታው ጻድቁ ጻድቁ ሲሉት መስማት እንደሰለቸው ነገረው። አሪስቲደስም ዝም ብሎ የራሱን ስም ጽፎ ሰጠው ይባላል።

ሁሉ ግን እንደ አሪስቲደስ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአቴና ከአንድ የጥንት ጉድጓድ 190 ያህል ገል ወጣ። በሁሉም ላይ የተጻፈው የአንድ ሰው ስም፣ ቴሚስቶክለስ ነው። ጽሕፈቱ ሲመረመር ግን የጻፉት እጆች ወደ 14 ብቻ ሆነው ተገኙ። ምሁራን እንደሚሉት የሰውየው ተቃዋሚዎች ስሙን አስቀድመው ጽፈው ለመራጮች ሊያድሉ አዘጋጅተውት ነበር። መጻፍ የማይችል ሰው ድምፁን ሌላ ሰው እንዴት ሊጽፍለት እንደሚችል እንግዲህ አስቡት!

ገል መቼ ዲዳ ይሆናል?

ልብ በሉ። እነዚያ 190 ገሎች አንድ ላይ ባይገኙ ኖሮ ነገሩ አይታወቅም ነበር። አንዱን ለነጋዴ፣ ሌላውን ለቱሪስት ቢሸጡት፣ በየሰው እጅ አንዳንድ ስባሪ ይቀር ነበር። ምስጢሩ የነበረው በገሉ ብቻ አልነበረም፤ አብሮት በተገኘውና በነበረበት ቦታም ነበር። ከቦታው የተነቀለ ገል ዲዳ ነው።

በእርሻችሁ ማረሻው ያረጀ ገል፣ ሳንቲም ወይም የተጠረበ ድንጋይ ቢያወጣስ? በዚያ ቦታ መቆፈሩን አቁሙ። ዕቃውን አትጠቡት፣ አትፋቁት፣ አትሽጡት። ቦታውን ምልክት አድርጉበትና ለቀበሌው ወይም ለወረዳው የባህልና ቅርስ ሠራተኛ ንገሩ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና እንዳለ እንዲጠብቀው ያዛል።

ሸክላ ሠሪዎችን መናቅም ይቅር። በአገራችን ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ለዘመናት በስድብና በመገለል ኖረዋል። ይሁን እንጂ ስለ አያቶቻችን ጓዳ የምናውቀው ከእነርሱ የእጅ ሥራ ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባል የለ? የአገር ታሪክም በገል ይደገፋል።

ጥያቄዎች

1. ሸክላ ከእንጨትና ከቆዳ ይልቅ በመሬት ውስጥ የሚቆየው ለምንድን ነው?
2. በአክሱም የተገኘው አምፎራ ከየት እንደመጣ በምን ታወቀ?
3. በጉድጓዱ የተገኙት ገሎች ቢበታተኑ ኖሮ ምን ሳይታወቅ ይቀር ነበር?
4. በአካባቢያችሁ አሮጌ ገል የሚወጣበት ቦታ አለ? ተወያዩበት፤ ከዚያም ቦታው የት እንደሆነ በደብተራችሁ ጻፉ።