በአልፍሪስተን ቀና ብለው ጣሪያውን ይመልከቱ

በደቡብ እንግሊዝ፣ በሰሴክስ፣ አልፍሪስተን የምትባል መንደር አለች። ወደዚያ የሚሄድ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ክለርጂ ሃውስ የተባለውን ጥንታዊ ቤት የሣር ክዳን ከውጭ ፎቶ አንሥቶ ወደ ሻይ ቤት ያመራል። እንዲህ ማድረግ ግን ቤቱን ሳያዩ እንደ መመለስ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ይህ ቤት ቅርጹን ያገኘው ከእሳት ነውና። ጭስ ማውጫ ስላልነበረው እሳቱ የሚነደው በመካከለኛው አዳራሽ ወለል ላይ ነበር፤ ጭሱም ወደ ላይ ወጥቶ በሣሩ ሥር ቀስ በቀስ እንዲሳብ ከአዳራሹ በላይ ፎቅ አልተሠራም። የሣር ቤት ጭስ ዓይኑን ያቃጠለው አንባቢ ይህ ይገባዋል። ስለዚህ ሲገቡ መጀመሪያ ቀና ይበሉ፤ አዳራሹ እስከ ጣሪያው ድረስ ክፍት ነው። ቀጥሎ ወለሉን ይዩ፤ ጠመኔ ድንጋይ ተወቅጦ በኮመጠጠ ወተት የተለሰነ ነው። ከዚያ ወጥተው ፊት ለፊቱን ቢያዩት የቅርጹ ምስጢር ይፈታል። በግራና በቀኝ ያሉት ክፍሎች ፎቅ ስላላቸው የላይኛው ወለላቸው ወደ ፊት ይወጣል፤ መሐሉ ፎቅ ስለሌለው ግድግዳው ወደ ኋላ ይቀራል። ጣሪያው ግን ሦስቱንም በአንድ ቀጥታ ስለሚሸፍን፣ መሐል ላይ ክፍተት ይተዋል። ለጌጥ የተደረገ የሚመስለው ቅርጽ እንግዲህ የምድጃው ውጤት ነው።

ቤቱ ሊፈርስ ደርሶ የተጠገነ ስለሆነ፣ «የምናየው የጥገናውን ዘመን ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ቅርስ ጠባቂው ድርጅት ናሽናል ትረስት በተመሠረተ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ በ10 ፓውንድ ሲገዛው (የመጀመሪያው ሕንፃው ነው) ቤቱ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ሆኖም የእንጨት ቤት ሸክሙ የሚያርፈው በኦክ ምሰሶዎቹ ላይ እንጂ በግድግዳው ላይ አይደለም። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ማገርና ጭቃ ስንት ጊዜ ቢታደስ የቤቱን አሠራር አይለውጠውም። ጭስ ማውጫ በኋላ መጨመሩም ቅርጹ ከእሳት መጣ የሚለውን ክርክር የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አይደለም፤ ጭሱ መውጫ ካገኘ በኋላ በብዙ ተመሳሳይ ቤቶች አዳራሹ ፎቅ ተሠርቶለት ተከፍሏል። ክፍት አዳራሽ ማየት ብርቅ የሆነውም ለዚህ ነው። የእያንዳንዱን እንጨት ዕድሜ መጠየቅ ለባለሙያ ይቆየውና፣ ለጎብኚ የሚበጀው የቤቱን አደረጃጀት ማንበብ ነው።

መንደሯ ባቡር ጣቢያ የላትም። ከለንደን ቪክቶሪያ በሉዊስ በኩል በርዊክ ጣቢያ ይወርዳሉ፤ ከዚያ 5 ኪሎ ሜትር ያህል በታክሲ ወይም በእግር ነው። ቤቱ ትንሽ ስለሆነ አንድ ሰዓት ይበቃዋል፤ ቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያንም አጠገቡ ነው። ቤቱ ሁልጊዜ ክፍት ስለማይሆን ግን ከመነሣትዎ በፊት የመክፈቻ ቀኑን ያረጋግጡ።