የሚረሱ አረጋውያንን በሌሊት ስለ መጠበቅ



ከመካከላችን አያቱ በቤቱ ያሉ ወጣት ብዙ ነው። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ቀኑ እንክብካቤ ሳይሆን ስለ ሌሊቱ ነው።

አንድ ሽማግሌ የልጃቸውን ስም ሲረሱ፥ በገዛ ቤታቸው ሆነው «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉ፥ ሰው «ጃጁ» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን ይህ የአንጎል በሽታ እንጂ የዕድሜ ጠባይ አይደለም። ከመርሳት በሽታዎች ዋነኛው፥ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዝሃይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ለሐኪሞች ጉባኤ ስለ ገለጠው በስሙ ይጠራል። በሽታው አስቀድሞ የቅርቡን ትዝታ ያጠፋል፤ የጥንቱ ዘግይቶ ይሄዳል። ስለዚህ በሽተኛው የዛሬውን ምሳ ረስቶ የልጅነቱን ደጃፍ ያስታውሳል። በብዙዎች ላይ ግራ መጋባቱ ሲመሽ ይብሳል።

እኛ የልጅ ልጆች አያታችንን በተራ መጠበቅ ስንጀምር ይህን አናውቅም ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ከበሩ ጋር ይታገላሉ፤ «እናቴ ትጠብቀኛለች፥ ልቀቁኝ» ይላሉ። እኛም እንቅልፍ አሸንፎን፥ የነገው ፈተናም አስጨንቆን፥ «እማማ፥ እናትዎ ከሞቱ እኮ አርባ ዓመት ሆናቸው» አልናቸው። ደረታቸውን እየመቱ እንደ አዲስ አለቀሱ። በማግሥቱ ሌሊት ረስተው ጠየቁን፤ ደግመን ነገርናቸው፤ ደግመው አለቀሱ። በሦስተኛው ሌሊት ጥፋታችን ገባን። በአገራችን መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፥ በጥንቃቄ ነው የሚነገረው። እኛ ግን አያታችንን የእናታቸውን ሞት በየሌሊቱ ስናረዳቸው ሰነበትን።

ከዚያ ወዲህ አንከራከርም። «እስቲ ስለ እናትዎ ያጫውቱን» እያልን እጃቸውን ይዘን ወደ አልጋቸው እንመልሳቸዋለን። ይህ ውሸት አይደለምን? የሚል ይኖር ይሆናል። እናትዎ በሕይወት አሉ አላልናቸውም፤ ናፍቆታቸውን ሰማናቸው እንጂ። ሁልጊዜም አይሳካልንም፤ እስኪነጋ አብረን የተቀመጥንበት ሌሊት አለ።

ከልምዳችንና ከሐኪም ምክር ያገኘነው የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ ቀን ፀሐይ ይሙቁ፥ ጥቂትም ይንቀሳቀሱ፤ ከቀትር በኋላ ቡና ይቀነስ።

2ኛ/ ከመኝታ በፊት ሽንት ቤት ይሂዱ። መተላለፊያው ላይ ደብዘዝ ያለ መብራት ይደር፤ የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ይነሣ።

3ኛ/ ግራ መጋባቱ በድንገት ከባሰ የሽንት ኢንፌክሽን፥ የውሃ እጥረት፥ የሆድ ድርቀት ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያቸው። የእንቅልፍ ክኒን ለመውደቅ ስለሚያጋልጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ።

4ኛ/ ጠባቂው ይለዋወጥ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይቆጣልና።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 ወላጆችን ስለ ማክበር ሲያስተምር፥ አእምሮው የደከመውንም አባት መታገሥ እንደሚገባ ያሳስባል። በየቤታችን ግን ይህ ትዕግሥት የሚጠየቀው ከእናቶቻችን ብቻ ነው። ቀን ሲሠሩ ውለው ሌሊት የሚነሡት እነርሱ ናቸው። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ በሳምንት አንድ ሌሊት እንኳ ተራ እንያዝ፤ እናቶቻችንም ይተኙ።